የበዓሉ አውቶቡስ ሳይነሣ፦ ስለ ትውከትና ተቅማጥ ለወሎ ጉዞ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ ዞን ጤና መምሪያዎች፣ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት፣ ለመውሊድ አስተባባሪዎች፣ ለአውቶቡስ ባለንብረቶችና ለምግብ ቤት ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ በበዓል ጉዞ ላይ ትውከትና ተቅማጥ እንዳይዛመት አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ክቡራንና ክቡራት፣

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወሎ የእንግዳ አገር ይሆናል። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ፣ በመውሊድ ጊዜ ጀማ ንጉሥ በሰው ይጨናነቃሉ። ከሩቅ የሚመጣው ተጓዥ ቀኑን ሙሉ በአንድ አውቶቡስ ተቀምጦ ይውላል፤ ማታ በአንድ ድንኳን ያድራል፤ በአንድ ትሪ ይበላል፤ በአንድ ጉድጓድ ይጸዳዳል። የምንጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሰው ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ማን ምን እንደሚያደርግ ከጉዞው በፊት ተወስኖ፣ ዕቃውም ተጭኖ ይሂድ።

ከባሕር ርቀን ስለ መርከብ ማውራታችን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ዋጋ ከፍለው የተማሩት የመዝናኛ መርከቦች ናቸው። በአንድ መርከብ ላይ ሁለት ሦስት ሺህ ሰው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለቀናት አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል። ሐኪም አላቸው፤ የቧንቧ ውሃና ሳሙና አላቸው፤ እጀታውን ቀኑን ሙሉ የሚወለውል ሠራተኛ አላቸው። እንዲያም ሆኖ ኖሮቫይረስ የሚባለው የሆድ ቫይረስ በየዓመቱ ይገባባቸዋል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመርከቦች ብቻ የተለየ የንጽሕና ቁጥጥር ፕሮግራም አለው። ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው 3 ከመቶ የሚሆነው በትውከትና በተቅማጥ ከታመመ ጉዳዩ እንደ ወረርሽኝ ለሕዝብ ይገለጻል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) 14 እንዲህ ያሉ ወረርሽኞች ተመዝግበዋል፤ የአብዛኞቹ መንሥኤ ኖሮቫይረስ ነበር። ይሁንና በዚያው አገር ከሚደርሰው የኖሮቫይረስ ወረርሽኝ የመርከቦቹ ድርሻ 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በአረጋውያን መኖሪያ፣ በትምህርት ቤትና በምግብ ቤት የሚነሣ ነው። ስለዚህ ነገሩ የባሕር ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ተጠጋግቶ የሚበላበትና የሚተኛበት ቦታ ሁሉ ጉዳይ ነው። የእኛም ድንኳን ከዚያ ውስጥ ነው።

ቫይረሱ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚዛመት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያልገባውን ነገር በትክክል የሚሠራ ሰው የለምና። ሰውን ለማሳመም ከመቶ ያነሱ የቫይረስ ቅንጣቶች ይበቃሉ፤ የታመመ ሰው ከሰውነቱ የሚያስወጣው ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። በዐይን የማይታይ ፍንጣሪ አንድ ወንበር ሙሉ ሰው ያስተኛል ማለት ነው። ቫይረሱ በገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ድንገት ይነሣል፤ ማቅለሽለሽ፣ ኃይለኛ ትውከት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ትኩሳት። ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይለቃል። ሰውየው ከዳነ በኋላ ግን እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ቫይረሱ በዐይነ ምድሩ ይወጣል። በብረት፣ በፕላስቲክና በእንጨት ላይ ለቀናት ይቆያል፤ እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትም ይችላል። ለብ ባለ ውሃ የታጠበ ብርጭቆ ወይም ከላይ ከላይ የሞቀ ወጥ ከዚህ አያድንም።

ኮሮና ሁላችንንም ሳኒታይዘር አስለመደን፤ ለዚያ ቫይረስ ትክክል ነበር። የኮሮና ቫይረስ የስብ ሽፋን ስላለው አልኮል ሽፋኑን አሟሙቶ ይገድለዋል። ኖሮቫይረስ ይህ ሽፋን የለውም፤ አልኮል ብዙም አይጎዳውም። ሳኒታይዘር ረጭቶ ዳቦ የሚያድል ሰው እጁን ታጠበ አይባልም። የሚያዋጣው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው፤ 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር። እዚህ ላይ የአገራችን ማስታጠቢያ ትልቅ ሀብት ነው፤ ከጆግ የሚንቆረቆር ውሃ ከቧንቧ አይተናነስም። የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። ሳሙናው በልመና ይመጣል፤ ውሃው እንዳያልቅ ተብሎ ለአንድ ሰው ጠብታ ይደርሰዋል፤ በመጨረሻም ሃምሳ ሰው በአንድ ፎጣ ያደርቃል። ፎጣውን አስቀሩት፤ እጅ በአየር ይደርቃል። በአስታጣቢነት የሚቆመው ሰው ራሱ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ቀኑን ሙሉም ጆጉን የሚይዘው እሱ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንግባ፤ ዋናው ስሕተት የሚፈጸመው እዚያ ነው። በአምባሰል መንገድ መጠማዘዣው ብዙ ስለሆነ ሰው ሲያስመልሰው ሁሉም “መንገዱ ነው” ይላል። ብዙ ጊዜም መንገዱ ነው። የመንገድ ማቅለሽለሽ መኪናው ቆሞ ንጹሕ አየር ሲገኝ ይቀላል፤ ተቅማጥም ትኩሳትም አይከተለውም። መኪናው ቆሞም ትውከቱ ከቀጠለ፣ ወይም ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት ቁርጥማት ከታከለበት ተላላፊ ነው ብሎ መያዝ ነው። በዐይን መለየት ስለማይቻል ግን ማንኛውም ትውከት እንደ ተላላፊ ይጸዳ፤ ትርፍ ሥራ ቢሆን እንኳ የሚያስወጣው ግማሽ ሊትር በረኪና ነው።

የተለመደው አሠራር ይህን ይመስላል። ረዳቱ አፈር ወይም አመድ ይበትናል፤ የፊት መስተዋት በሚወለውልበት ጨርቅ ያብሳል፤ ጨርቁን ከወንበሩ ሥር ይመልሳል፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ የውሃ ጠርሙስ ማደሉን ይቀጥላል። ፌስታሉ በመስኮት ይወረወራል። በዚህ ጊዜ ቫይረሱ በጨርቁ፣ በረዳቱ እጅ፣ በየጠርሙሱ ክዳንና ሰው ሲነሣ በሚደገፍበት የወንበር ጀርባ ላይ ተቀብቷል ማለት ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ሹፌሩ አመቺ ቦታ ሲያገኝ ያቁም፤ መስኮቶች ሁሉ ይከፈቱ፤ በዙሪያው የተቀመጡት ከታማሚው ጋር ይውረዱ። ትውከት ሲወጣ ወደ አየር የሚበተን ደቃቅ ፍንጣሪ አለ፤ አጠገቡ ባለው ሰው አፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚያጸዳው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ፣ የላስቲክ ጓንትና ማስክ አድርጎ ይቅረብ። ትውከቱን መጀመሪያ በወረቀት ወይም በሚጣል አሮጌ ጨርቅ ይሸፍነው፤ ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰበ በፌስታል ያስገባ፤ ያን ፌስታል በሌላ ፌስታል ከትቶ ይቋጥር። ቀጥሎ በሳሙና ውሃ ይጠብ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በረኪናውን በትውከቱ ላይ ያፈሳል፤ ምግብና ቆሻሻ ግን የክሎሪኑን ኃይል ስለሚጨርሰው ለቫይረሱ የሚተርፍ አይኖርም። ከታጠበ በኋላ የተበጠበጠው በረኪና ቦታውንና ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሜትር ድረስ ያርስ፤ የወንበር ጀርባ፣ የመስኮት ጠርዝና ከላይ ያለው መያዣ ብረት ሳይቀር። ሳይደርቅ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ5 ደቂቃ በታች ግን በፍጹም አይወልወል። በመጨረሻ ጓንቱን ገልብጦ ያውልቅና እጁን በሳሙና ይታጠብ። የጨርቅ ወንበር በረኪና አይወድም፤ ቀለሙ ይለቃል፤ ስፖንጁም ውስጥ ያለው በደንብ አይጸዳም። ስለዚህ ለበዓል የሚወጣ አውቶቡስ ወንበሩ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይሂድ፤ መጋረጃውም ይውለቅ። የተቋጠረው ፌስታል እስከሚቀጥለው የቆሻሻ ጉድጓድ ድረስ በክዳን ባልዲ ይጓዝ፤ ወደ ወንዝ አይጣል።

ስለ በረኪናው መጠን ትንሽ ዘርዘር እናድርግ። በግምት የሚበጠበጥ በረኪና ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከመቶ እዩ፤ ብዙ ጊዜ 5 ከመቶ ነው። ለትውከትና ለዐይነ ምድር የሚያስፈልገው 0.5 ከመቶ ነው፤ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር። በአውቶቡስ ላይ ቀላሉ መንገድ በ5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንድ ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በረኪና ጨምሮ በውሃ መሙላት ነው። ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለመጸዳጃ መቀመጫ በየዕለቱ የሚያገለግለው ደግሞ 0.1 ከመቶ ነው፤ 1 እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር በረኪና ይሆናል። በረኪናው 5 ከመቶ ካልሆነ የጠርሙሱን ቁጥር ለሚፈለገው ቁጥር አካፍሉና አንድ ቀንሱ፤ የምታገኙት የውሃው እጅ ነው። 4 ከመቶ ለሆነ በረኪና 4 ሲካፈል ለ0.5 ስምንት ነው፤ አንድ ሲቀነስ 7 እጅ ውሃ።

የተበጠበጠው በየቀኑ ይቀየር፤ ከፀሐይም ይራቅ። ቆይቶ የከረመ በረኪና ሽታው ቢኖርም ኃይሉ ደክሟል፤ ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ። ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጀሪካኑ ላይ በትልቁ “በረኪና” ተብሎ ይጻፍ፤ ጥም የያዘው ሕፃን ጀሪካን ሁሉ ውሃ ይመስለዋል።

በድንኳኑና በድግሱ ቦታ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው ወጥ የሚሠራውና እንጀራ የሚያነሣው እጅ ነው። በመርከቦቹ ደንብ ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ከታመመ ሕመሙ ከተወው በኋላ ሙሉ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ሥራ አይመለስም። እኛም ይህን እንድትቀበሉ አጥብቀን እንለምናለን። ችግሩ የት እንዳለ እናውቃለን፤ ለበዓል በቀን ክፍያ የተቀጠረች ወጥ ሠሪ “አሞኛል” ካለች ገንዘቧን ታጣለች፤ ስለዚህ አትናገርም። በመርከብም ቢሆን ሰው ከክፍሉ እንዳይወጣ እንዳይደረግ ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃል። አዘጋጆች ሆይ፣ ለታመመ ሠራተኛ የሁለትና የሦስት ቀን ደመወዝ እንደሚከፈል ሥራ ሳይጀመር አስታውቁ፤ ተተኪም ያዙ። ያለዚህ ስለ ንጽሕና የሚሰጠው ምክር ሁሉ ባዶ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለን።

በመርከብ ላይ በሽታው ሲገባ መጀመሪያ የሚቀረው ሰው ራሱ እያነሣ የሚበላበት ገበታ ነው፤ አንዱን ጭልፋ ሺህ እጅ ስለሚነካው አስተናጋጁ ብቻ ያወጣል። በድግሳችንም ወጥ የሚያወጣው አንድ ሰው ይሁን፤ ዳቦ የሚቆርሰው አንድ፤ ገንዘብ የሚቀበለው ሌላ።

ቡናው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የወሎ ቡና ያለ አቦል፣ ቶናና በረካ አይሆንምና። ሲኒው ከአንዱ እጅ ሲመለስ በአንድ ጎድጓዳ ሳሕን ውሃ ነከር ተደርጎ ለሌላው ይቀዳበታል። በሦስተኛው ዙር ያ ውሃ የሃያ ሰው ከንፈር የነካው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለት ሳሕን ይቅረብ፣ በአንዱ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። ቆሎውም በአንድ ሳሕን ዞሮ ሁሉም እጁን ከሚያስገባበት በማንኪያ ወደየመዳፉ ይሰፈር። ለዱዓ የሚቀርበው ጫት ጥሬ የሚበላ ቅጠል ነው፤ ከመቅረቡ በፊት በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ የሚያከፋፍለውም እጁን ይታጠብ። ሰላጣና ጥሬ ቃሪያ በእንዲህ ያለው ጉባኤ ባይቀርቡ እንመርጣለን። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አናጣውም፤ ግን ባለፉት ሁለት ቀናት ሆዱን ያመመው ሰው አያጉርስ፤ ቢታቀብ የሚከፋው ሰው አይኑር። ለጠበል እያንዳንዱ ምእመን የየራሱን ጣሳ ይዞ ይምጣ፤ ይህን አባቶች በዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ከእኛ ይልቅ ይሰማል። መሻይኾችም በመውሊዱ እንዲሁ።

የመጠጥ ውሃው ምንጩ የማይታመን ከሆነ ይፍላ። ደሴም ግሸንም ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። መጸዳጃ ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ ይድረስ፤ የሴቶቹ ቁጥር ይብለጥ። ጉድጓዱ ከምንጭ ወይም ከውሃ ጉድጓድ ከ30 ሜትር ያላነሰ ይራቅ። ዐለቱ አልቆፈር ባለበት ቦታ የሚመጠጥ በርሜል ይዘጋጅ። ከእያንዳንዱ መጸዳጃ ፊት ባለ ቧንቧ ጀሪካንና በገመድ የታሰረ ሳሙና ይኑር፤ ሳሙና ካልታሰረ እስከ ቀትር አይቆይም።

የታመመው ሰውስ? ከምግብ ቦታ ርቆ፣ የራሱ ባልዲ ተሰጥቶት፣ አንድ ሰው ብቻ ያስታምመው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በትውከትና በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥና በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ የተረፈው ይደፋ። ኦአርኤስ ከጠፋ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ ይበጥበጥ፤ ጨው አይብዛ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ካስቀመጠው በኋላ ሁሉ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 ዓመት ከ100 እስከ 200፣ ለአዋቂ የቻለውን ያህል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መጀመር ነው፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ። ለሕፃናት ዚንክ ከጤና ጣቢያ ይሰጣል። ከመድኃኒት ቤት ራስ ገዝቶ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ዐይኑ የሰረጎደ፣ ሽንቱ የቆመ፣ የፈዘዘ፣ ተቅማጡ ደም የቀላቀለ፣ የጠጣው ሁሉ የሚወጣበት ሰው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። የሩዝ ውሃ የመሰለ፣ በኃይል የሚወርድ ተቅማጥ በአንድ አዋቂ ሰው ላይ እንኳ ቢታይ “የሆድ ቫይረስ ነው፣ ያልፋል” ተብሎ አይታለፍ። ኮሌራ ሊሆን ይችላል፤ ኮሌራ በሰዓታት ይገድላል። ለአተት (ለአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እንዳለው ደንብ ወዲያው ለጤና ኬላው ወይም ለጤና ጣቢያው ይነገር። ከላይ የጻፍነው ጽዳት ለሁለቱም ይሠራል፤ ኮሌራ በክሎሪን ከኖሮቫይረስ በቀለለ ሁኔታ ይሞታል።

ቁጥር መያዝንም ከመርከቦቹ እንውሰድ። በእነሱ ሕግ በ24 ሰዓት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስቀመጠው፣ ወይም ያስመለሰውና ሌላ ምልክት የታከለበት ሰው ይመዘገባል። 60 ሰው በያዘ አውቶቡስ ሁለት ሰው ማለት ከ3 ከመቶ በላይ ነው። ስለዚህ የጉዞ አስተባባሪው በአንድ ደብተር ስም፣ የወንበር ቁጥር፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትና የበላውን ይጻፍ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሲሞላ ለበዓሉ ጊዜያዊ ጤና ጣቢያ ይደውል። የወንበር ቁጥሩ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ያሳያል፤ ምግቡ ከየትኛው ድንኳን እንደመጣ ያመለክታል።

ከዚህ በመነሣት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶችን የምንጠይቀው ለበዓል የሚወጣ አውቶቡስ መውጫ ሲሰጠው ጎማና ፍሬን እንደሚታይ ሁሉ ይህም እንዲታይ ነው፦ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንትና ማስክ፣ 10 ፌስታል፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ አንድ ጠርሙስ በረኪና፣ 5 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ሳሙና፣ የሚጣል ጨርቅና 10 ከረጢት ኦአርኤስ። ጤና መምሪያዎች የበዓሉ ጊዜያዊ ጤና ጣቢያ ስልክ ቁጥር በየአውቶቡሱ በር ላይ እንዲለጠፍ ያድርጉ። ለረዳቶች የአንድ ሰዓት የተግባር ሥልጠና ያስፈልጋል፤ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ወለል ላይ ደፍቶ በትክክል ማጽዳትን ማሳየት ነው። ደሴና ወልድያ መናኸሪያ ድረስ መጥተን ሥልጠናውን ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ቦታና ሰዓት ብቻ ነው።

በወሎ የምንሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች